ደብዳቤውን ሳላነብ አሞራ ገደል ወረድኩ

አሞራ ገደልን፣ ያንን የሐይቅ ዳር የዓሣ ገበያ፣ ፎቶ ያላነሳ የሐዋሳ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁሉም የሚያነሳው ግን አባ ኮዳን ነው፤ ያንን ራሰ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ የሚመስል ወፍ። እኔ የፈለግኩት ወፎቹ ቆመው የሚጠብቋቸውን ሰዎች ነበር። ሌሊት መረብ ጥለው ንጋት ላይ የሚመለሱትን፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ የሚገፍፉትን ልጆች፣ ሣፋ ይዘው በዋጋ የሚከራከሩትን ሴቶች። በጾምም በፍስክም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዓመት ሙሉ ላነሳ አሰብኩ።

ካሜራዬ ያገለገለ ካኖን ነው፤ ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር። ስለ ዕቃ የምለው ይኸው ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ጠዋት ሐይቁ ያንጸባርቃል፤ ካሜራውን በራሱ ከተዋችሁት ውሃውን ጀርባው አድርጎ የቆመ ሰው ጥላ ሆኖ ይቀራል። ብርሃኑን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። ውሃው ነጭ ይሁን፣ ፊቱ ይታይ።

አሁን ወደ ወረቀቱ።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «መጀመሪያ ደብዳቤ አጽፍ» አለኝ። እሺ ብዬ ሄድኩ። አሥራ አንድ ቀን፣ ሦስት ቢሮ። አንደኛው «የሚመለከተው እነሱን ነው» ይላል፣ ሁለተኛው ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ይላል፣ ሦስተኛው ቢሮ ያገኘሁት ሰው ደግሞ ካሜራዬን ገልብጦ ካየ በኋላ «ለምን የሐይቁን ዳር አታነሳም? ሪዞርቱ አለ፣ ታቦር ተራራ አለ። ባዶ እግሩን የሚሄድ ልጅ አንስተህ ገጽታችንን አታበላሽ» አለኝ። ተናደድኩ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ሙሉ በሙሉ አልፈረድኩበትም። በጥቅምት 1977 ከኮረም የወጣው የረሃብ ፊልም በቢቢሲ ከታየ ወዲህ ዓለም እኛን የሚያውቀን በዚያ ነው፤ ካሜራ ያየ ባለሥልጣን ሁሉ ትዝ የሚለው እሱ ነው። ይሁንና ዓሣ ሸጦ ልጅ የሚያስተምር ሰው ገጽታ አያበላሽም ብዬ ልመልስለት ይገባ ነበር እኮ! ያኔ አልመጣልኝም። «እሺ ጌታዬ» ብዬ ወጣሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ደብዳቤው ወጣ። ክብ ማኅተም፣ ፊርማ፣ ቁጥር፣ ግልባጭ ለዚህ ለዚያ። ማኅተሙን አየሁና አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። አላነበብኩትም። እስካሁን ራሴን የምወቅሰው በዚህ ነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወረድኩ። ጀልባዎቹ እየገቡ ነው፤ አንድ ልጅ የአምባዛ አንጀት ወደ ወፎቹ እየወረወረ ይስቃል። የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር ሰው ነው ያሉኝ ወጣት ጠጋ ብሎ «ምንድን ነው?» ሲለኝ በኩራት ደብዳቤውን ዘረጋሁለት። እሱ ደግሞ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ አነበበው። «ግለሰቡ በዓሣ ማስገሪያው አካባቢ ስላለው የምርትና የአሠራር ሁኔታ በምስል የተደገፈ መረጃ ስለሚሰበስቡ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው…»

የምርት ሁኔታ። መረጃ። የጻፈችው ልጅ ከሌላ ደብዳቤ ገልብጣው መሆን አለበት። እኔ ያመለከትኩት የዕለት ተዕለት ኑሮን ፎቶ ለማንሳት ነበር።

ዳሩ ላይ የነበረው ሰው ቃሉን የሰማው እንደሚሰማው ነው፦ ግብር። ወይም መረብ። ቀዳዳው የጠበበ መረብ የዓሣ ጫጩቱን ስለሚጠርግ ክልክል ነው፤ ማን ምን እንዳለው ግን ዳሩ ላይ አይጠየቅም። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ሚዛኑ ጆንያ ለበሰ። መረቦቹ ተጠቀለሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። የቀሩት አባ ኮዳዎቹ ብቻ ናቸው።

እዚያ ላይ ካሜራዬን ዘግቼ ብመለስ ጥሩ ነበር። እኔ ግን አሥራ አንድ ቀን የተንከራተትኩበት ነገር ነውና እልህ ያዘኝ። መረቡን ይጠቀልሉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ መረብ ጠጋኝ ናቸው፣ ጀርባቸውን ሲሰጡኝ ሁለት ጊዜ አነሳኋቸው። ዘወር አሉ።

«አጥፋው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ፈቃድ አለኝ እኮ።»

«ከማን?»

ደብዳቤውን አውጥቼ እያውለበለብኩ ነበር። ሰው ሲያየኝ ምን መስዬ እንደነበር ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል። ፎቶዎቹን አጠፋሁ። ንዴቴ ስላልበረደ ቤት ስገባ ካርዱን ከነጭራሹ ፎርማት አደረግኩትና በማግሥቱ የዘመድ ሠርግ አነሳሁበት። ከጥፋቱ በፊት ያነሳሁት ያ አንጀት የሚወረውር ልጅም አብሮ ሄደ። ይህን እወቁ፦ ፎርማት የተደረገ ካርድ ላይ ሌላ ነገር እስካልጻፋችሁበት ድረስ ምስሉ ብዙ ጊዜ በነጻ ፕሮግራም ይመለሳል። ሠርግ ካነሳችሁበት አይመለስም።

ሕጉን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ራሱ ፈቃድ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 በአደባባይ የተፈጸመን ነገር የመሳሰለውን ከክልከላው ለይቶ ያወጣል። የተነሳውን ሰው ፈቃድ ነው እንግዲህ የሚለው፤ የቢሮ ማኅተም እሱን አይተካም። ሽማግሌው አንቀጹን ሳያነቡ «ከማን?» ብለው ጨርሰውት ነበር።

ስለዚህ ምክሬ ያኔ ሰው ሁሉ ካለኝ ተቃራኒ ነው። ደብዳቤውን አጽፉ፣ ጥበቃ ቢይዛችሁ ያወጣችኋል፤ ግን መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ወረቀት። ሲሰጧችሁም እዚያው ጠረጴዛው ፊት ቆማችሁ ከ«ጉዳዩ» እስከ «ግልባጭ» አንብቡት። ቃሉ ካልተስማማችሁ መልሱት፤ ፊት ቢጠቁርባችሁ ይጥቆር። «መረጃ»፣ «ምርት»፣ «ጥናት» የሚል ካለ አትውሰዱት። ከወሰዳችሁም ዳሩ ላይ አትዘርጉት።

እኔ ሦስት ቅዳሜ ያለ ካሜራ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ሾርባ የምትሸጠዋ ሴት እንኳ ሣህኑን ስትሰጠኝ ቀና ብላ አላየችኝም። በሁለተኛው ጀልባ ሲሳብ ገመድ ያዝኩ፣ ጫማዬ ረጠበ፣ ሳቁብኝ። በሦስተኛው ጋሼ ራሳቸው «ዛሬስ ወረቀትህ የት አለ?» አሉኝ። «ቀደድኩት» አልኩ። ውሸት ነው፤ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

በአራተኛው ካሜራ ያዝኩ፤ ላነሳሁት ሰው ሁሉ ፎቶውን ፎቶ ቤት አሳጥቤ፣ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር፣ መለስኩ። ከምንም በላይ የሠራልኝ ይሄ ነው። በሳምንቱ ያልተነሱት መጥተው ይቆጡኝ ጀመር።

ለጋሼ የወሰድኩላቸው የምኮራበትን ነበር፦ እጃቸው፣ መርፌው፣ ጉልበታቸው ላይ የተዘረጋው መረብ፣ የጠዋት ብርሃን ከጎን። አገላብጠው አዩት።

«ጭንቅላቴስ?»

«እጅዎን ነው የፈለግኩት፣ ጋሼ።»

«እጄንማ እኔም አየዋለሁ።» ተነሡና ጃኬታቸውን ከሚስማር አወረዱ፣ ቆለፉ፣ ሐይቁን ጀርባቸው አድርገው ቀጥ ብለው ቆሙ። ከእግር እስከ ራስ፣ ሳይስቁ። አነሳኋቸው፤ ብርሃኑን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጌ።

ዛሬ ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከቀን መቁጠሪያው ጎን የተሰቀለው እሱ ነው። እጃቸው ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ።