ግራፍ ቲዎሪ፦ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ያየሁት

የግራፍ ቲዎሪ መግቢያ ኮርስ ስምንተኛ ሳምንቱን ጨረሰ። ሰባት አሳይመንት አስረክቤያለሁ፣ ሚድም ተፈትኛለሁ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ልትወስዱት ያሰባችሁ ስላላችሁ፣ ነገሩ ከአእምሮዬ ሳይጠፋ ልጻፍላችሁ።

የመጀመሪያው ቀን የተሰጠን ኮርስ አውትላይን አራት ገጽ ነው። የምንማራቸው ርዕሶች ግማሽ ገጽ እንኳን አይሞሉም። የቀረው በሙሉ ደንብ ነው። ያኔ ሳነበው ከበደኝ። አሁን ግን እስካሁን ከተማርኩት አብዛኛውን ያገኘሁት በእነዚያ ደንቦች ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ካልኩለስ አያስፈልግም። ስለ ስብስብና ስለ ኢንዳክሽን (ከአንድ ደረጃ ወደ ቀጣዩ እየተሻገሩ የማረጋገጥ ዘዴ) ቀደም ብሎ የተማረ ሰው ይበቃዋል። "ሥዕል ብቻ ነው" ተብለው የተመዘገቡ ልጆች አሉ። እውነት ነው፣ ግራፍ ማለት ነጥቦችና ነጥቦቹን የሚያገናኙ መስመሮች ናቸው። ማርክ የሚሰጠው ግን ለሥዕሉ አይደለም።

አውትላይኑ ላይ ደምቆ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ ምክንያቱ ያልተጻፈ መልስ እንዳልተመለሰ ይቆጠራል። ይህ የገባኝ የመጀመሪያው አሳይመንት ሲመለስልኝ ነው። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ 7 ሰዎች ተሰብስበው እያንዳንዱ ከ3 ሰዎች ጋር ብቻ ሊጨባበጥ ይችላል? ብዙ ሥዕል ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። "አይቻልም" ብዬ ሥዕሎቼን አያይዤ ሰጠሁ። መልሱ ትክክል ነው። ያገኘሁት ግን ከ10 2 ነው። የተፈለገው ሁለት መስመር ጽሑፍ ነበር። ሰዎቹ ነጥብ፣ መጨባበጡ መስመር ነው። አንድ መስመር ሁለት ጫፍ ስላለው፣ የነጥቦቹ ዲግሪ (በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሚያርፉት መስመሮች ብዛት) ሲደመር የመስመሮቹ ቁጥር ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ድምሩ ሁልጊዜ ተጋማሽ፣ ማለትም ለሁለት እኩል የሚከፈል ቁጥር ነው። 7 ጊዜ 3 ግን 21 ነው፣ ጎዶሎ። አለቀ።

የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1736 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስለ ኮኒግስበርግ ከተማ 7 ድልድዮች የጻፈውን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነበር፣ በሌላ ዓይን። ጥያቄው ሁሉንም ድልድይ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ እየተሻገሩ ከተማዋን መዞር ይቻላል ወይ የሚል ነው። ኦይለር መንገድ እየሞከረ አልደከመም። ቆጠረ። አራቱ የየብስ ክፍሎች 5፣ 3፣ 3 እና 3 ድልድይ አላቸው፤ አራቱም ጎዶሎ። እንዲህ ያለ ጉዞ እንዲኖር ደግሞ ጎዶሎዎቹ ከሁለት መብለጥ የለባቸውም። የተገላቢጦሹ፣ ማለትም ሁኔታው ከተሟላ ጉዞው በእርግጥ እንደሚገኝ፣ ሙሉ ማረጋገጫው የታተመው በ1873 በሌላ የሒሳብ ሊቅ፣ በሂርሆልዘር ነው። መምህራችን "ከሆነ" እና "ከሆነ ብቻ" የሚሉትን ለያይታችሁ ጻፉ እያሉ የሚወተውቱን ለዚህ ነው። አንዱን አቅጣጫ ብቻ አረጋግጦ ግማሽ ማርክ የተቆረጠበት ብዙ ሰው አለ።

ሁለተኛው ደንብ የትብብር ነው። መወያየት ይፈቀዳል፣ እንዲያውም ይበረታታል። ከውይይቱ ወረቀት ይዞ መውጣት ግን ክልክል ነው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ይጠፋል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው ይጽፋል፣ ከነማን ጋር እንደተወያየም ከላይ ያሰፍራል። ከኢንተርኔት ወይም ከኤአይ የተገኘ መልስ የራስ አድርጎ ማቅረብ እንደ ኩረጃ ነው የሚታየው። በሦስተኛው ሳምንት አራት ሆነን ስለ ዛፎች የቀረበ ጥያቄ ሠራን። ዛፍ የምንለው የተያያዘ (ከየትኛውም ነጥብ ወደ ሌላው መድረስ የሚቻልበት) እና ዑደት (ወደ መነሻው የሚመለስ መንገድ) የሌለው ግራፍ ነው። ሰሌዳው ላይ ሁሉም ነገር ፍንትው ብሎ ታየኝ። ማታ ብቻዬን ስቀመጥ ከሁለተኛው መስመር ማለፍ አቃተኝ። "ቅጠሉን እንውሰድ" ብለን ነበር፤ ግን ቅጠል፣ ማለትም ዲግሪው 1 የሆነ ነጥብ፣ መኖሩን በምን አወቅን? አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። በዛፉ ውስጥ ያለውን ረጅሙን መንገድ ያዙ። ጫፉ ላይ ያለው ነጥብ ሌላ ጎረቤት ካለው፣ ወይ መንገዱ ይረዝማል ወይ ዑደት ይፈጠራል። ሁለቱም አይሆኑም። ወረቀት ይዤ ወጥቼ ቢሆን ይህን ክፍተት ሳላየው አልፈው ነበር።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ልንገራችሁ። ኢንዳክሽን ነው። ይህን አባባል ተመልከቱ፦ እያንዳንዱ ነጥብ ቢያንስ አንድ መስመር ካለው፣ ግራፉ የተያያዘ ነው። ውሸት ነው፤ በ4 ነጥቦች ላይ የማይነካኩ 2 መስመሮች ይበቃሉ። ግን "ማረጋገጫው" ያሳምናል። የተያያዘ ግራፍ አለን፣ አንድ ነጥብ እንጨምር፣ አዲሱ ነጥብ ቢያንስ አንድ መስመር ስላለው ከቀሩት ጋር ይያያዛል፣ አለቀ። የት ጋ ተሳሳተ? ነጥብ በመጨመር ሁሉም ግራፍ ላይ አይደረስም። ከነዚያ 4 ነጥቦች አንዱን ብታነሱ ጓደኛው ያለ መስመር ይቀራል፣ መነሻው ሁኔታም ይፈርሳል። ስለዚህ ደንቡ ከትልቁ ግራፍ ጀምሩ፣ ነጥብ ወይም መስመር ቀንሱ፣ ከዚያ የቀነሳችሁትን መልሳችሁ አስገቡ ይላል። ሚድ ላይ ይህ መጣ፤ ደጋግሜ ስለሠራሁት አላስቸገረኝም።

በጣም የወደድኩት ደንብ እንደገና የመጻፍ መብት ነው። የተመለሰልህን አሳይመንት በአንድ ሳምንት ውስጥ አርመህ ብታስገባ ከጎደለህ ማርክ ግማሹን ታገኛለህ። ይህ ደንብ አንድ ታሪክ ያስታውሰኛል። የሒሳብ ሰው የሆነው ኬምፕ በ1879 ጎረቤታማ አገሮች አንድ ዓይነት ቀለም ሳይኖራቸው ማንኛውንም ካርታ በ4 ቀለም መቀባት እንደሚቻል አረጋገጥኩ አለ። 11 ዓመት ትክክል ነው ተብሎ ቆየ። በ1890 ሂውድ የተባለ ሌላ የሒሳብ ሰው ስህተቱን አገኘ፤ ግን የኬምፕን ሐሳብ አልጣለውም፣ 5 ቀለም ሁልጊዜ እንደሚበቃ አረጋገጠበት። 4 ቀለም እንደሚበቃ የተረጋገጠው በ1976 ነው፣ አፔልና ሃከን በኮምፒውተር እገዛ። ቀይ ብዕር የበዛበት ወረቀት ሲመለስልኝ ሂውድን አስባለሁ። ከወደቀው ውስጥ የሚተርፈውን እፈልጋለሁ።

የቀሩት ደንቦች ቀላል ናቸው። የዘገየ አሳይመንት አይቀበሉም፣ ግን ዝቅተኛው ማርክ ይጣላል። ሰኞ ሰኞ የትርጉም ኳይዝ አለ፤ ትርጉሞቹን ቃል በቃል ያዙ። መጻሕፍት ስለ "መንገድ" እንኳን የተለያየ ትርጉም ይሰጣሉና የኮርሳችሁን ተከተሉ። ጊዜን በተመለከተ፣ ከክፍል ውጭ በሳምንት ወደ 8 ሰዓት ይወስድብኛል። የመጨረሻው ማታ ላይ ከጀመራችሁት አይሆንም። ሐሳቡ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው ብቅ የሚለው።

አሁን መስመሮቻቸው እርስ በርስ ሳይቆራረጡ ሊሣሉ ወደሚችሉ ግራፎች ገብተናል። እንዲህ ያለ ግራፍ 3 ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ ካለው፣ መስመሮቹ የነጥቦቹ ቁጥር በ3 ተባዝቶ 6 ሲቀነስለት ከሚገኘው አይበልጡም። 5 ነጥብ ሁሉም እርስ በርስ ሲገናኙ 10 መስመር አላቸው፣ የሚፈቀደው 9 ነው፤ ስለዚህ አይሣልም። 3 ቤቶችን እያንዳንዳቸውን ከ3 ጉድጓዶች ጋር የሚያገናኘው ግራፍ ግን 9 መስመር ብቻ አለው፣ ወሰኑ ደግሞ 12 ነው። ቀመሩ ዝም ይላል። ትናንት ማታ ግራፉ ውስጥ አንድም ሦስት ማዕዘን እንደሌለ አስተዋልኩ። እያንዳንዱ ፊት (በመስመሮች የታጠረ ክፍል) ቢያንስ 4 መስመር ከፈለገ ወሰኑ ወደ 8 ይወርዳል። ዛሬ ማታ ብቻዬን ቁጭ ብዬ በንጹሕ ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ።