«ውሃ ውስጥ ነው! አይተነፍስም!»

ፍሪዳይቪንግ ማለት ያለ አየር ሲሊንደር፣ በአንድ ትንፋሽ ብቻ ወደ ጥልቅ ውሃ መውረድ ነው። ኦስትሪያዊው ኸርበርት ኒች እ.ኤ.አ. በ2007 በክብደት እየተሳበ 214 ሜትር ወርዷል። የኛ ጣና ጥልቅ ነው የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። እሱም ድፍርስ ነው፤ ጉማሬም አለበት። ስለዚህ እኔ ባህር ዳር ላይ የምለማመደው መኝታ ቤቴ ውስጥ፣ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው።

አትሳቁ። የስፖርቱ ከባድ ከባድ ነገር ብዙው የሚለመደው ደረቅ መሬት ላይ ነው። ፍሬንዘል የሚሉት፣ ውሃው ጆሮህን ሲጫነው ግፊቱን የምታመጣጥንበት ዘዴ አለ። ጀማሪ አፍንጫውን ይዞ ከደረቱ ይገፋል፤ ጥልቀቱ ሲጨምር ግን ሳንባው ይጨመቅና የሚገፋው አየር ያጣል። በፍሬንዘል ጉሮሮህን ዘግተህ አየሩን በምላስህ ትገፋዋለህ። እጄ ነፃ እንዲሆን አፍንጫዬ ላይ የልብስ መቆንጠጫ አደርጋለሁ። ያማል፣ ግን ይሠራል። ሌላው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰንጠረዥ ነው። ትንፋሽ የምትይዝበት ጊዜ አይለወጥም፣ በመሃል የምታርፍበት ግን እያጠረ ይሄዳል። ተንፍስ ተንፍስ የሚያሰኝህ በዋናነት የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የዚህ ጋዝ መከማቸት ስለሆነ ሰውነትህ እሱን እንዲለምድ ነው። ፊትህን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትነክር ደግሞ ልብህ ራሷ ምቷን ቀነስ ታደርጋለች።

ሥራዬ ዳታ ነው፤ ያልተለካ ነገር አይዋጥልኝም። ጣቴ ላይ የልብ ምትና የደም ኦክስጅን የሚለካ፣ ቀይ መብራት ያለው ኦክሲሜትር አድርጌ፣ ቁጥሩን ፓወር ቢአይ የሚባል የዳታ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቼ ዳሽቦርድ፣ ቁጥሩን በሥዕል የሚያሳይ ገጽ፣ ሠራሁ። ቀኑን ስትነካው የዚያ ቀን የልብ ምት መስመር ይወጣል። ጥልቀቱን ስትጎትተው የሳንባ ሥዕል እየጠበበ ሄዶ ባህር ላይ 10 ሜትር ሲደርስ ግማሽ ይሆናል። ከፍታውን ወደ ጣና፣ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ስትቀይረው ግን አየሩ ራሱ ስለሚሳሳ 8 ሜትር አካባቢ ላይ ግማሽ ይሆናል። ይቺን ለስንቱ አሳየሁ፣ የሚደነቅልኝ አጣሁ።

የስፖርቱ የመጀመሪያ ሕግ ብቻህን ውሃ ውስጥ ትንፋሽ አትያዝ ነው። ራስህን ብትስት የሚያወጣህ ሰው ያስፈልጋል። ሳፋም ውሃ ነው። ስለዚህ የአከራዬን ልጅ በብስኩት ቀጠርኩት። ሥራው ትከሻዬን መታ መታ ማድረግ፣ በጣቴ ካልመለስኩለት ፊቴን ማውጣት።

አንድ ቅዳሜ እናቱ ከረከቦቱ ሥር ሆነው «አንተ፣ ጋሼን ቡና ደርሷል በለው እስቲ!» ብለው ተጣሩ። ልጁ እጁን ከትከሻዬ ሳያነሳ (ጎበዝ ሠራተኛ ነው) በመስኮት ጮኸ፦ «ውሃ ውስጥ ነው! አይተነፍስም!»

ፊቴ ሳፋ ውስጥ ስለሆነ የቀረውን በጆሮዬ ብቻ ነው የተከታተልኩት። ሲኒ ተሰበረ። «ኡኡ! ኧረ ጊዮርጊስ ድረስ! ተከራያችን ጣና ገባ!» የብረት በሩ ተበረገደ። ጎረቤታችን «ገመድ! ገመድ!» እያሉ ወጡ፣ ሰፈሩ ተከትሏቸው ወደ ሐይቁ ተመመ። እኔ አየር ፍለጋ ሆዴ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ግን ጥሩ ላይ ነኝ፤ ልቅሶም ይሁን ጠብ ብዬ ዝም። ልጁ ትከሻዬን ነካ፣ በጣቴ መለስኩ። «ደህና ነው!» ብሎ ጮኸ። የሚሰማው ሰው ግን ግቢው ውስጥ አልነበረም።

ጨርሼ ወጣሁ። ውሃው ከፊቴ ይንጠባጠባል፣ አፍንጫዬ ላይ መቆንጠጫ፣ ጣቴ ላይ ቀይ መብራት። እትዬ ነጠላቸውን ረስተው ተመልሰው ኖሮ በር ላይ ተገጣጠምን።

«በስመ አብ! ምንድነህ?»

«እኔ ነኝ እትዬ» አልኩ። በዚያ አፍንጫ የወጣው ድምፅ ግን እኔን ራሴንም አስደነገጠኝ። የጠበል ጄሪካኑ ከበሩ ጀርባ ነበር። ሙሉውን ነው የለቀቁብኝ።

ከሐይቁ የተመለሰው ሕዝብ እኔን ሳይሆን ሳፋውን ነው የተቆጣው። ባለገመዱ ጎረቤታችን «ለዚች?» ብለው በእግራቸው ገፉት።

ቶናው ላይ ነገሩን ላብርድ ብዬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የዚያን ቀን የልብ ምቴ መስመር ቀስ እያለ ይወርድና አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ይነሳል።

«ይቺ ምንድን ናት?» አሉ እትዬ።

«እርስዎ ሲጮሁ ነው።»

በጣታቸው ነኳት፣ ቁጥሩ ወጣ። «የኔ ነው ይሄ ሁሉ?» ብለው ሰው ሁሉ እንዲያይ ላፕቶፑን አዞሩት። ትንሽ አሰቡና «ለመሆኑ የሰው ስም ብትነካ የሱን ለብቻው ያወጣል?» አሉ። «አዎ» አልኩ። ብድግ ብለው ገብተው የእቁቡን ደብተር ይዘው መጡ።

አሁን የእቁቡ ዳሽቦርድ አለን። ያልከፈለ በቀይ ይወጣል። እትዬ ከቡናው ጋር በየሳምንቱ ያስከፍቱኛል፣ ስም ለስም እየነኩ ጮክ ብለው ያነባሉ። ከሁሉ በላይ የቀላው ስም የባለገመዱ ሆነ። ትናንት በር ላይ አገኙኝና ገመዱን አይተው፣ እኔን አይተው፣ «የዚያን ቀን ምናለ ቁጭ ብዬ ቡናዬን ብጠጣ» አሉኝ።