አንበጣውን የላከው አውሎ ነፋስ

የደብረ ብርሃንን ንፋስ ለለመደ ሰው ስለ ሳይክሎን፣ ባሕር ላይ ስለሚነሳው ግዙፍ ተሽከርካሪ አውሎ ነፋስ፣ ማውራት ከባድ ነው። "ከኛ ንፋስ በምን ይበልጣል?" ይላል። የኛ ብርዱ ነው እንጂ ጉልበቱስ እዚያ አይደርስም። ሳይክሎን ባሕር ከሌለ አይወለድም።

ባሕሩም ዝም ብሎ ባሕር አይደለም። ቢያንስ ከ26 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ አለበት፤ ያውም ላይ ላዩን ብቻ ሳይሆን እስከ 50 ሜትር ገደማ ወደ ታች። ከዚያ ውሃ እንፋሎት ይነሳል። ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ወደ ውሃነት ሲመለስ የያዘውን ሙቀት ይለቃል። ያ ሙቀት አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። ታች የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ከየአቅጣጫው ሌላ አየር ይጎርፋል፤ እሱም እንፋሎት ጭኖ ነው የሚመጣው። በቃ፣ ሞቃት ባሕር ላይ እስካለ ድረስ እየበረታ ይሄዳል።

ሳይክሎኑ የሚሽከረከረው ምድር ስለምትዞር ነው። ወደ መሃል የሚሮጠው አየር ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ ቀኝ፣ በስተደቡብ ወደ ግራ ይታጠፋል። ስለዚህ በኛ በኩል ያለው ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ይዞራል። በ2011 ዓ.ም. ሞዛምቢክን የመታው ኢዳይ የተባለ ሳይክሎን ግን ከሰዓት ዘንግ ጋር ነበር የሚዞረው። ምድር ወገብ አጠገብ መታጠፉ በጣም ደካማ ስለሆነ ሳይክሎን እዚያ አይፈጠርም ማለት ይቻላል። ሸዋ ሮቢት ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10ኛው ዲግሪ ላይ ናት፤ ርቀቱ ይበቃታል። የቀራት ባሕሩ ብቻ ነው፤ ተመስገን።

በበጋ ቆላው ላይ አቧራ እያነሳ የሚሽከረከረው፣ እናቶች "በስመ አብ" ብለው የሚያማትቡበት፣ ሌላ ነገር ነው። ከጋለ መሬት ይነሳል፣ በደቂቃዎች ይጠፋል። እንደ ፍጥርጥሩ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ይዞራል። የምድር መዞር ለሱ ምኑም አይደለም።

ሳይክሎን የብስ ላይ ሲወጣ እንፋሎቱ ይቋረጥበትና ይደክማል። ይህን ስነግረው ቀወት ላይ ማሾና ማሽላ የሚያርሰው አጎቴ "እንግዲያ እኛን ምን አገባን?" አለኝ።

አገባን እንጂ! ግንቦት 2010 ዓ.ም. መኩኑ የተባለ ሳይክሎን ኦማንን መታ። ጥቅምት 2011 ሉባን ተከተለ። ዝናባቸው በዐረብ ምድር እስካለው ሩብ አልኻሊ በረሃ ዘለቀ። አሸዋው መሃል ውሃ ተኛ። የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው። ሰው በማይደርስበት በዚያ በረሃ፣ ማንም ሳያየው 3 ትውልድ ተራባ። ከዚያ የመን ገባ፤ ከየመን ባሕሩን ተሻግሮ ወደኛ። በ2012 መኸር ማሽላው ላይ ሲያርፍ ጅራፍ እያጮኽን፣ ጣሳ እየደበደብን ያባረርነው አንበጣ ዘሩ ከዚያ ነው።

አጎቴ አዳምጦኝ ሲያበቃ ተናደደ። "ከዓመት በፊት መነሻው የታየ ነገር እኛ ማሳ እስኪደርስ ምን ይጠበቃል?" አለ።

አሁን ግንቦትና ጥቅምት ሲመጣ ይደውልልኛል። "አንተ ልጅ፣ የዐረብ ባሕር ላይ የተነሳ ነገር አለ?" ያ ባሕር ሳይክሎን የሚያስነሳው በብዛት ከክረምቱ ዝናብ በፊትና በኋላ ስለሆነ ወሮቹንስ አልሳታቸውም።