አሮጌ የእጅ ሥራ ደልሲመር፦ ከመግዛታችሁ በፊት ምን ታያላችሁ፣ ዋጋውስ ከምን ይመጣል?

አሮጌ የተራራ ደልሲመር፣ ማለትም ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ፣ የሚሸጥ ሰው ቀድሞ የሚያሳየው መልኩን ነው፦ የልብ ቅርጽ ያለው የድምፅ ቀዳዳ፣ የተጠቀለለ ራስ፣ የሚያብረቀርቅ የዋልነት እንጨት። እናንተ ግን መጀመሪያ ባትሪ አብሩ። በቀዳዳው በኩል ወደ ውስጥ ስታዩ፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ወይም በእርሳስ የተጻፈ ስም፣ ቁጥርና ቀን ልታገኙ ትችላላችሁ። ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ የስልክ ካሜራ አስጠግቶ ማንሳት ይበቃል። ጽሑፉ ቢደበዝዝ አትጥረጉት፤ ብርሃኑን ከጎን አድርጉና ደጋግማችሁ ፎቶ አንሱ። ከእንጨቱ ውበት ይልቅ ዋጋውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው የዚያች ወረቀት መኖር ወይም አለመኖር ነው።

መሣሪያው የአሜሪካ አፓላቺያ ተራሮች ነው። የጀርመን ሰፋሪዎች ፔንሲልቬንያ ውስጥ ይጫወቱበት ከነበረው ሻይትሆልት ከተባለ ረጅም ጠባብ ሣጥን እየተለወጠ መጣ። እንደ ክራር ታቅፎ ሳይሆን ጭን ወይም ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ነው የሚመታው። ቅርጹም የተሠራበትን አካባቢ ይጠቁማል። ወገበ ቀጭኑና ባለ 3 ክሩ በይበልጥ የኬንታኪ ነው። በቨርጂኒያ የጋላክስ አካባቢ ሥራ ሰፋ ያለ የእንባ ጠብታ ይመስላል፤ 4ቱም ክሮች በአንድ ድምፅ ይቃኛሉ፣ ከታችም ሁለተኛ ጀርባ አለው። ከቴነሲ የሚመጣው ደግሞ አራት ማዕዘን ያለው ከባድ ሣጥን ነው። ጋላክስ ወይም የቴነሲ ሣጥን ካጋጠማችሁ ስም ባይኖረውም እንኳ አትናቁት፤ በጊዜው ፊርማ ያልተለመደ ነበር።

ስም ካገኛችሁ ከሚከተሉት ጋር አስተያዩት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጄምስ ኤድዋርድ ቶማስ (1850–1933) ከኖት ካውንቲ ኬንታኪ ሲሆን፣ ከ1871 ጀምሮ ወደ 1,500 የሚጠጉ ደልሲመሮችን እንደሠራ ይነገራል። የእሱን መንገድ የተከተለው ጄትሮ አምበርጊ (1895–1971) በሂንድማን ሴትልመንት ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ያስተምር ነበር። ሆመር ሌድፎርድ (1927–2006) በኬንታኪዋ ዊንቸስተር በሺዎች የሚቆጠሩ ሠርቷል። የሌድፎርድ ሥራ ብዙ ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል፣ የቶማስ ግን ብርቅ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ትልቅ ስህተት ነው።

ወረቀት ከሌለ ዕድሜውን ከብረቱና ከእንጨቱ ማንበብ ይቻላል። እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው ፍሬቶቹን፣ ማለትም የጣት ሰሌዳው ላይ የተተከሉትን ብረቶች ነው። በአሮጌዎቹ ፍሬቱ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ሽቦ ነው፤ ሁለት እግሩ እንጨቱ ውስጥ ተመቶ የሚገኘውም በዜማው ክር ሥር ብቻ ነው፣ የተቀሩት ክሮች ሳይጫኑ ያጅባሉና። ሙሉውን ስፋት የሚያቋርጥ ፍሬት የተለመደው ተጫዋቾች ሁሉንም ክሮች መጫን ከጀመሩ በኋላ ነው። በ6ኛውና በ7ኛው ፍሬት መካከል ተጨማሪ ብረት ካያችሁ፣ ስድስት ተኩል የሚሉት እሱ ነው፤ የተስፋፋው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። በአሮጌ መሣሪያ ላይ በኋላ የተጨመረ ከሆነ የብረቱ ቀለም ከጎረቤቶቹ ይለያል፣ የተቆረጠበት ቦታም አዲስ እንጨት ያሳያል። ለመጫወት ይጠቅማል፣ ለሰብሳቢ ግን ዋጋ ይቀንሳል። ባለ መስቀል ራስ ብሎን የተሰራጨው ከ1930ዎቹ አጋማሽ በኋላ ስለሆነ፣ «የ1890 ነው» በተባለ መሣሪያ ላይ ካለ ወይ ብሎኑ ተቀይሯል፣ ወይ ታሪኩ አይሆንም። የኮምፖርሳቶ ጀርባና የጊታር ዓይነት ባለ ጥርስ መቃኛ ካለውም፣ ብዙውን ጊዜ በ1960ዎቹና 70ዎቹ ከተሸጡት በቤት የሚገጣጠሙ ደልሲመሮች አንዱ ነው።

አሁን ሜትር አውጡ። ክሩ የሚርገበገብበትን ርዝመት ከላይኛው መደገፊያ እስከ ብርኩማው ለኩ፤ በአብዛኛው ከ68 እስከ 74 ሴንቲሜትር ይሆናል። 70 ከሆነ 7ኛው ፍሬት 35 ሴንቲሜትር ላይ፣ 4ኛው 23.3 ላይ፣ 3ኛው 17.5 ላይ መገኘት አለበት። ሰባተኛው ከግማሹ ከራቀ መጀመሪያ ብርኩማውን ጠርጥሩ፤ ተንቀሳቃሽ ከሆነ ቦታውን ስቶ ይሆናል፣ ገፋ በማድረግ ይስተካከላል። ሌሎቹ ፍሬቶች ትንሽ ቢዛነፉ ግን አትቸኩሉ። ብዙ የድሮ ሠሪዎች ፍሬቱን ከአጃቢው ክር ጋር እንዲስማማ በጆሮ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ዘመናዊ የቅኝት መለኪያ «ተሳስቷል» የሚለው በሠሪው ጆሮ ልክ የነበረ ነው። ያንን ነቅሎ ማረም መሣሪያውን ማበላሸት ነው፣ በዚህ ጉዳይ ላይ መለሳለስ አልችልም።

ከዚያ አካሉን መርምሩ። ቀጥ ያለ ብረት ማስመሪያ የጣት ሰሌዳው ላይ አጋድሙና ከሥሩ ብርሃን ይታይ እንደሆነ ተመልከቱ። መሐሉ ከጎደጎደ ክሩ በላይኞቹ ፍሬቶች ላይ ከፍ ይላል፣ መሐሉ ካበጠ ይንጫጫል። አሜሪካውያን ተጫዋቾች የሚጠቀሙበት ቀላል መለኪያ አለ፦ ከ1ኛው ፍሬት አጠገብ 1.35 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት የ10 ሳንቲም ዳይም፣ 7ኛው ፍሬት ላይ ደግሞ 1.95 ሚሊሜትር የሆነችው የ5 ሳንቲም ኒክል ሲቀመጡ ክሩ ለጥቂት ይነካቸዋል። ጎንና ፊት የሚገናኙበትን መስመር በጣት ጫፍ እየመታችሁ ዙሩ፤ ኮላው የለቀቀበት ቦታ የተሰነጠቀ ሸክላ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ይህ በቀላሉ ይጠገናል፤ የድሮው የእንስሳት ኮላ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል፣ መልሶም ይይዛል። የሚያሳስበው ነጭ ኮላ ወይም ኤፖክሲ ተፈስሶበት የደረቀው ነው፣ ምክንያቱም ለሚቀጥለው ጥገና አሮጌውን ለማስለቀቅ እንጨቱን ይጎዳል። በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ የሄደ ቀጭን ስንጥቅ ከድርቀት የሚመጣ የተለመደ ነገር ነው። በጭረቱ ላይ ተሻግሮ የሄደው ግን የመውደቅ ምልክት ነው።

አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አዲስ ቨርኒሽ መቀባት ከሁሉ የከፋው ጉዳት ነው፣ አይመለስምና። በጨለማ ክፍል የአልትራቫዮሌት ባትሪ ብታበሩበት ሼላክ የተባለው የድሮ የእንጨት መቀቢያ ብርቱካናማ ሆኖ ይታያል፤ ወጥ ካልሆነ አንዱ ክፍል በኋላ ተቀብቷል ማለት ነው። ማጽዳት ከፈለጋችሁ በትንሹ የረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ አልኮል ሼላክን ያሟሟል።

ለረጅም ጊዜ ክር ያልተወጠረበትን መሣሪያ ወዲያው ወደ ሙሉ ቅኝት አትውሰዱት። ቀጫጭን ክር፣ ለዜማው 0.010 ወይም 0.011 ኢንች፣ ለወፍራሙ 0.022 አካባቢ ግጠሙና ከተለመደው ሬ–ላ–ላ አንድ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ለጥቂት ቀናት ተዉት። ብርኩማው ሥር ያለው ፊት ሰመጥ ካለ ወዲያው ክሩን አላሉት።

ዋጋ ስታወጡ ሰው የጠየቀውን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ተከተሉ፤ የጨረታ ቤቶችና የኢንተርኔት ገበያዎች የተጠናቀቀ ሽያጭ መዝገብ አላቸው። ከዚያ መዝገብ ውስጥ ተመሳሳይ ሠሪ፣ ተመሳሳይ አሥርተ ዓመትና ተመሳሳይ የጥገና ታሪክ ያላቸውን ብቻ አወዳድሩ። ስሙ የማይታወቅ የ1970ዎቹ ደልሲመር ጥሩ ድምፅ ቢኖረውም አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ዶላር አያልፍም፤ ለጀማሪ ግን ድንቅ ግዢ ሊሆን ይችላል። የጣት ሰሌዳው የብራዚል ሮዝውድ ከሆነ ደግሞ ድንበር ከማሻገራችሁ በፊት ወረቀት ያስፈልጋችኋል፤ እንጨቱ ከ1992 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድን በሚቆጣጠረው የሳይቲስ ስምምነት አንደኛ አባሪ ውስጥ ነው፣ ፈቃድ የሌለውን ጉምሩክ ሊወርሰው ይችላል።