ሰፊ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት ቸርኬው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ

ጎማ በሰፋ ቁጥር መሬት የሚነካው ክፍል በዚያው ልክ የሚጨምር ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። መኪናውን በዋናነት የሚሸከመው ጎማው ውስጥ ያለው ንፋስ ነውና፣ ክብደቱና ንፋሱ ካልተቀየሩ መሬት የሚነካው ክፍል ብዙም አይጨምርም። የሚቀየረው ቅርጹ ነው፦ በጠባብ ጎማ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የረዘመው፣ በሰፊው ያጥርና ወደ ጎን ይሰፋል። ሰፊ ጎማ ብዙ ጊዜ ጎኑም አጭር ስለሆነ ኩርባ ላይ አይለመጥም፤ መኪናው ለመሪ ቶሎ የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

ግን ጎርፍ በያዘ መንገድ ላይ ሰፊው ጎማ ውሃውን ገፍቶ ማውጣት ይከብደዋል፤ ጥርሳቸው እኩል ቢሆን እንኳ ከጠባቡ ባነሰ ፍጥነት መንሳፈፍ ይጀምራል። ጎኑ አጭር በመሆኑም የጉድጓድን ምት ቸርኬው ይቀበለዋል፣ ይጎብጣል።

ቁመቱ እንዳይለወጥ ተጠንቀቁ። ጎማ ላይ 205/55 አር 16 ተብሎ ሲጻፍ 205 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 55 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 16 ደግሞ የቸርኬው ቁመት በኢንች ነው። የዚህ ጎማ ጠቅላላ ቁመት 632 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 225/45 አር 17 ደግሞ 634፣ ያው ነው። 55ቱን ሳትቀንሱ 225/55 አር 17 ብትገጥሙ ግን 679 ይሆናል፤ በትክክል ይቆጥር የነበረው ፍጥነት መለኪያ 100 ሲል መኪናው 107 ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቸርኬው ላይ በሚጻፈው የኢቲ (ET) ቁጥር ላይ ነው። ኢቲ 45 ማለት ቸርኬው ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከቸርኬው መሃል መስመር 45 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይርቃል ማለት ነው። ኢቲውን ሳትለውጡ ከ7 ኢንች ወደ 8 ኢንች ቸርኬ ብትሄዱ በየጎኑ 12.7 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፤ ከውስጥ አሞርዛተሩን ሊነካ ይችላል። ያንን ለመሸሽ ኢቲ 35 ብትመርጡ ወደ ውስጥ የሚጨምረው 2.7 ብቻ ነው፣ ወደ ውጭ ግን 22.7 ይወጣል። ያኔ ጎማው መሪ ሲዞር ከሚሽከረከርበት ነጥብ ይርቃል፤ የመንገዱ ቦይ ሁሉ መሪውን ከእጅ ይጎትታል፣ ኩሽኔታውም ቶሎ ያልቃል። በእኔ እምነት መኪናን ከስፋቱ ይልቅ የሚያበላሸው ይሄ ነው።

ከገጠማችሁ በኋላ መሪውን ወደ ሁለቱም ጎን እስከ መጨረሻው አዙሩ። ሰው ሞልታችሁ እብጠት ላይ ቀስ ብላችሁ እለፉና የፓራፋንጎውን ውስጠኛ ጠርዝና የጎማውን ትከሻ እዩ፤ የተፋቀ ካለ አልገጠመም። የቸርኬው መሃል ቀዳዳ ከሞዞው ከሰፋ ማጥበቢያ ቀለበት ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ ባላንስ ቢሠራም ይንቀጠቀጣል። ብሎኖቹን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ በማኑዋሉ ልክ ደግማችሁ አጥብቁ።

የፊቱን ብቻ አስፍቶ የኋላውን ጠባብ መተው ግን በፍጹም አይደረግ። ኩርባ ላይ ቀድሞ የሚያመልጠው ኋላው ይሆናል፣ እሱን መልሶ መያዝ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው።