በሁለት ጠብታ ማር የሚሠራ የብርሃን ዳሳሽ፦ ከባሕር ዳር ላቦራቶሪ የተገኘ ልምድ

ከዳንግላና ከእንጅባራ አካባቢ የሚመጣ ማር ምን ያህል ውሃ እንዳለው በእጅ ሬፍራክቶሜትር፣ ማለትም ብርሃን በፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል እንደሚታጠፍ በሚለካ መሣሪያ፣ ማወቅ ይቻላል። እኔ ግን በባሕር ዳር በምሠራበት ላቦራቶሪ ይህንኑ ሥራ በኦፕቲካል ፋይበር (ብርሃን በሚያስተላልፍ ቀጭን ክር) ለመሥራት የተነሣሁት፣ የፋይበር ገጽታ ወደፊት ኢንዛይም ወይም ፀረ እንግዳ አካል ሊለጠፍበት ስለሚችልና አንድን ንጥረ ነገር ለይቶ ለማወቅ መንገድ ስለሚከፍት ነው።

ብርሃን በፋይበር ውስጥ ታፍኖ የሚጓዘው የፋይበሩ እምብርት የስብረት መጠን (ብርሃንን የማጠፍ አቅም) ከዙሪያው ስለሚበልጥ ነው። ሆኖም በእያንዳንዱ ጽብረቃ ጥቂት የብርሃን መስክ ከገጽታው አልፎ፣ ከሞገዱ ርዝመት ለሚያንስ ርቀት፣ ወደ ፈሳሹ ይዘልቃል። ፈሳሹ ውሃው አንሶ ሲወፍር (የስብረት መጠኑ ሲጨምር) ወይም ብርሃኑን ሲመጥ በሌላው ጫፍ የሚደርሰው ብርሃን ይቀንሳል። መስኩ ሩቅ ስለማይሄድ በማር ውስጥ የሚንሳፈፍ የአበባ ዱቄት ብዙም አያውክም፤ በገጽታው ላይ የሚቀር የጣት ቅባት ግን ንባቡን ያዛባል።

አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን የፕላስቲክ ፋይበር ስስ ልባስ በረጠበ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ አነሣሁት። አሴቶን ሥራውን ያፋጥናል፤ ነገር ግን እምብርቱንም ስለሚያጎሽ አልመርጠውም። ቀጥሎ የተላጠውን ክፍል በሙቅ ውሃ አለስልሼ በዘንግ ላይ አጠፍሁት፤ የታጠፈ ፋይበር ቀጥ ካለው ይልቅ ለለውጥ ንቁ ነውና። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ይህ ፕላስቲኩ ከመጠን በላይ እንዳይላሽቅ ረድቶኛል። ፋይበሩን በሁለት የመስታወት ስላይዶች መካከል በሲሊኮን በተሠራ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ አስቀምጬ፣ በአንድ ጫፍ ቀይ ኤልኢዲ፣ በሌላው ፎቶትራንዚስተር (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ አካል) አደረግሁ። መተላለፊያውን ለመሙላት ሁለት ጠብታ ይበቃል።

ዋናው ፈተና የመጣው ከማሩ ነው። የፋይበሩ እምብርት የስብረት መጠን 1.49 ሲሆን፣ ከመቶ 17 ውሃ ያለው ማርም በ20 ዲግሪ ሙቀት 1.494 ገደማ ነው። ስለዚህ ያልተበረዘ ማር ፋይበሩን ሲከበው ብርሃኑን የሚያፍነው ነገር ስለማይኖር ወደ ማሩ ይፈስሳል። በሚዛን አንድ እጅ ማር ለአራት እጅ የተጣራ ውሃ አድርጎ መበረዝ ግድ ነው። በሚዛን ያልሁት በምክንያት ነው፤ በሲሪንጅ የተለካ ማር ከግድግዳው ተጣብቆ ይቀራል፣ ከተበረዘ በኋላ የሚፈጠር ስሕተትም ወደ ማሩ ሲመለስ በአምስት ይባዛል።

ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለአብዛኛው ማር የሚፈቅደው የውሃ መጠን እስከ ከመቶ 20 ነው። ከመቶ 17 እና ከመቶ 20 ውሃ ባላቸው ማሮች መካከል ያለው ልዩነት ከብረዛ በኋላ በስብረት መጠን ሲታይ 0.001 ገደማ ብቻ ነው። የውሃ የስብረት መጠን ደግሞ አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 0.0001 ገደማ ስለሚቀንስ፣ ከጧቱ ብርድ እስከ ቀትር ያለው የክፍሉ ሙቀት ለውጥ የምንፈልገውን ልዩነት ሊውጠው ይችላል። ኤልኢዲውም ሲሞቅ ይደበዝዛል፤ ፕላስቲኩም ራሱ ይለወጣል። ይህን ሁሉ በስሌት ከማረም ይልቅ ተመሳሳይ ሁለተኛ ፋይበር፣ መጠኑ በታወቀ የስኳር ብጥብጥ ውስጥ፣ ከመጀመሪያው አጠገብ ማኖርና የሁለቱን ንባብ ጥምርታ መውሰድ እጅግ ይሻላል። አንዱ ኤልኢዲ ለሁለቱም ያብራ፤ ኃይሉም ከባትሪ ይሁን።

የአየር አረፋን በተመለከተ፣ የተበረዘውን ናሙና ከመጨመር በፊት ጥቂት ማሳረፍና መተላለፊያውን በትንሹ አዘንብሎ ከታች ወደ ላይ መሙላት ያስፈልጋል። በፋይበሩ መታጠፊያ ላይ የተጣበቀች አንዲት አረፋ ፈሳሹ የሳሳ ያስመስላል።

ማሩ ንጹሕ ነው ወይስ ስኳር ተጨምሮበታል ለሚለው ጥያቄ ይህ መሣሪያ መልስ የለውም፤ እኩል ውፍረት ያለው የስኳር ሽሮፕ ተመሳሳይ ንባብ ይሰጣልና። ለዚያ በገጽታው ላይ የሚፈለገውን ንጥረ ነገር ብቻ የሚይዝ ስስ ንብርብር ያስፈልጋል፤ አሁን የምሠራውም በዚሁ ላይ ነው። እስከዚያው ናሙና ለሚያመጡልኝ ገበሬዎች በወረቀቱ ላይ የምጽፍላቸው የውሃውን መጠን ብቻ ነው።