ከጨዋታው በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት፦ ከቼዝ ክበባችን የልምድ ማካፈያ

ቼዝ ለመጫወት ብቻ ከሆነ ክበብ አያስፈልግም። ስልክ ያለው ሰው እኩለ ሌሊትም ቢሆን ተጋጣሚ አያጣም። ፐዝሉም፣ ትምህርቱም፣ ስህተት የሚነግረው ኮምፒውተርም እጁ ላይ ነው። ስልኩ የማይሰጠው ነገር አንድ ነው፦ አሁን ያሸነፈውን ሰው ፊት ለፊት አግኝቶ «እዚህ ጋ ምን አስበህ ነው?» ብሎ መጠየቅ። ከክበባችን ልምድ የማካፍላችሁ ብዙ ነገር አለ፤ ከሁሉም ግን ይሄን ነው የማስቀድመው።

ቀድሞ ምሽቱ በሙሉ በብሊትዝ ነበር የሚያልቀው። አምስት አምስት ደቂቃ እንጫወታለን፣ ጠጠሮቹን መልሰን እንደረድራለን፣ እንደገና እንጀምራለን። ሞቅ ያለ ነው፣ ሰውም ይወደዋል። ነገር ግን ሁለተኛው ጨዋታ ሲጀመር የመጀመሪያው ተረስቷል። ማን እንዳሸነፈ ይታወቃል፤ ለምን እንዳሸነፈ ግን ማንም አያውቅም።

አሁን ዋናው ጨዋታችን 15 ደቂቃ ሲሆን በየእርምጃው 10 ሰከንድ ይጨመራል። ጨዋታው 60 እርምጃ ቢደርስ እንኳ አንድ ተጫዋች የሚያገኘው 25 ደቂቃ ነው፤ የሁለቱ ሲደመር 50 ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል፣ ለውይይትም ጊዜ ይተርፋል። በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ሕግ ይህ ራፒድ (ፈጣን ጨዋታ) ስለሆነ እርምጃ መጻፍ ግዴታ አይደለም። እኛ ግን እንጽፋለን። መጀመሪያ ላይ «ሐሳቤን ይበትንብኛል» ያሉ አባላት ነበሩ። እውነታቸውን ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበትናል። ከዚያ እጅ ይለምደዋል። ያልተጻፈ ጨዋታ ላይ ለመወያየት ሞክራችሁ ከሆነ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ፈረሱ የት ነበር፣ ማን ቀድሞ በላ በሚል ክርክር ነው ሰዓቱ የሚሄደው።

ጨዋታው እንዳለቀ ስልክ አይነካም። በዚህ ላይ ጥብቅ ነን። ሁለቱ ተጫዋቾች ጠጠሮቹን ከመነሻው ደርድረው ጨዋታውን እየደገሙ ያወራሉ። ዙሪያውን የቆመ ሰው መጠየቅ ይችላል፤ መፍረድ ግን አይችልም።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም አንድ ምሽት ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ታዳጊ አንድ ትልቅ ሰው አሸነፈ። ሲወያዩ ልጁ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሩኩን (ግንብ መሳዩን ጠጠር) ለምን ቀየሩት? እኔ እኮ ጨንቆኝ ነበር» አላቸው። እሳቸውም «በዲ መስመር ልትገባብኝ ነው ብዬ ነዋ! ፊትህን ሳየው እርግጠኛ ነበርክ» አሉት። ልጁ ስለ ዲ መስመር፣ ማለትም ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ስለሚያቋርጠው አራተኛው ዓምድ፣ ጭራሽ አላሰበም ነበር። ከዚያ ሁለቱም ሰሌዳው ላይ አጎንብሰው ልጁ በእርግጥ መግባት ይችል እንደነበር መፈተሽ ጀመሩ። አይችልም ነበር። ኮምፒውተር ቢሆን «ሩክ መቀየሩ መጥፎ ነው» ብሎ ቁጥር ያሳያችኋል። ሰውየው የሌለ አደጋ ፈርተው እንደቀየሩ ግን አይነግራችሁም። የሚታረመው ደግሞ ያ ፍርሃት ነው።

ከውይይቱ በኋላ እያንዳንዱ ጨዋታው የተገለበጠበትን ቦታ በራሱ ግምት ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርግበታል። ስቶክፊሽ የተባለውን የቼዝ ፕሮግራም የምንከፍተው ያን ጊዜ ነው። ግምታችሁና የኮምፒውተሩ መልስ የተራራቁበት ቦታ ካለ፣ የሳምንቱ የቤት ሥራችሁ እሱ ነው።

ሁለተኛው የምወደው ዝግጅታችን «ቀጣዩን ገምቱ» የምንለው ነው። አንድ የታወቀ ጨዋታ ይመረጣል፣ እርምጃዎቹ ይሸፈናሉ። ሁለት ሁለት ሆነን ተማክረን ቀጣዩን እርምጃ ከነምክንያቱ እንጽፋለን። ነጥቡ በይበልጥ ለምክንያቱ ነው የሚሰጠው። ለመጀመር አሜሪካዊው የቼዝ ሊቅ ፖል ሞርፊ እ.ኤ.አ. በ1858 ፓሪስ ውስጥ በኦፔራ ቤት የተጫወተውን ያህል የሚመች የለም። ተጋጣሚዎቹ የብራውንሽቫይግ መስፍንና ካውንት ኢዙዋር ናቸው፤ ሁለቱ እየተመካከሩ በአንድ ወገን ይጫወታሉ። ጠቅላላው 17 እርምጃ ብቻ ስለሆነ በአንድ ምሽት ያልቃል።

ስምንተኛው እርምጃ ላይ ቆም በሉ። የሞርፊ ንግሥት ቢ3 ላይ ናት (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ይነግራል)። ቢ7 ላይ ያለው ጥቁር ወታደር ጠባቂ የለውም። እኛ ጋ ሁሉም ቡድን ማለት ይቻላል «እንብላው» ብሎ ጻፈ። ቢበላው ጥቁር ንግሥቱን ቢ4 ላይ አምጥቶ ቼክ ይላል፣ ንግሥቶቹ ይቀያየራሉ። ነጭ አንድ ወታደር ተርፎት ይቀጥላል፤ መጥፎ አይደለም። ሞርፊ ግን ወታደሩን ትቶ ፈረሱን ሲ3 ላይ አወጣ። ሁሉም ጠጠሮቹ ወደ ጨዋታው እንዲገቡ ነው የፈለገው። ከዚያ ፈረስ ሰጠ፣ ሩክ ሰጠ፣ በ16ኛው እርምጃ ንግሥቱን ቢ8 ላይ ሰጠ፣ በ17ኛው ሩኩን ዲ8 ላይ አሳርፎ ማት አደረገ። ያን ጊዜ ጥቁሩን ወገን ተመልከቱት። የኤፍ8 ቢሾፕና የኤች8 ሩክ ከቦታቸው አንዴም አልተነሱም። «ጠጠሮቻችሁን አውጡ» የሚለውን ምክር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

ስለ ኦፕኒንግ (ስለ ጨዋታው አከፋፈት) አጭር ነገር ልበል። ለክበብ ምሽት ኦፕኒንግ ማጥናት ጊዜ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ። ቤት ውስጥ ለብቻ የሚጠና ነገር ነው። አብሮ ሲሠራ የሚጣፍጠው ኢንድጌም (የጨዋታው ማብቂያ ክፍል) ነው። ጠጠሩ ጥቂት ነው፣ ጀማሪም መሳተፍ ይችላል፣ መልሱም ቁርጥ ያለ ነው።

ይሄን ደርድሩና ሞክሩት። ነጭ ንጉሥ ኤች8፣ ነጭ ወታደር ሲ6። ጥቁር ንጉሥ ኤ6፣ ጥቁር ወታደር ኤች5። ተራው የነጭ ነው፣ አቻ ማውጣት አለበት። የቼዝ ሊቁ ሪቻርድ ሬቲ እ.ኤ.አ. በ1921 ያወጣው ነው። ያየው ሁሉ መጀመሪያ «አይቻልም» ይላል። ጥቁሩ ወታደር ሮጦ አምልጧል፣ የነጩን ወታደር ደግሞ ጥቁሩ ንጉሥ አጠገቡ ሆኖ ይጠብቀዋል።

መልሱ ንጉሡን በሰያፍ ማስኬድ ነው፦ ጂ7፣ ከዚያ ኤፍ6፣ ከዚያ ኢ5። በእያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ነገር ያስፈራራል፤ የጥቁሩን ወታደር ማሳደድና የራሱን ወታደር መርዳት። ጥቁር ሲ6 ያለውን ወታደር ለመብላት ጊዜ ካጠፋ፣ ነጭ ንጉሥ በኤፍ4 በኩል ተመልሶ ኤች መስመር ላይ ይደርስበታል። ወታደሩን ዝም ብሎ ካሮጠ ደግሞ ነጭ ወደ ራሱ ወታደር ይጠጋል፣ ሁለቱም ወታደራቸውን መጨረሻው ረድፍ ላይ አድርሰው ንግሥት ያወጣሉ። ምስጢሩን በጣታችሁ ቁጠሩት። ከኤች8 ወደ ኤች2 ቀጥ ብሎ መውረድ 6 እርምጃ ነው። በኢ5 በኩል ዞሮ መሄድም 6 ነው። በቼዝ ሰሌዳ ላይ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ የማያስረዝምበት ጊዜ አለ። ይሄን ያየ ሰው ንጉሡን እንደ ድሮው አያንቀሳቅሰውም።

ለተግባር ግን የሩክ ኢንድጌም ይቀድማል፤ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ የሚያጋጥመው እሱ ነው። አንዱ ወገን ሩክና ወታደር፣ ሌላው ሩክ ብቻ ሲቀረው የሚሠራውን የፊሊዶርን መከላከያ በየተራ ሁለቱንም ወገን ሆነን ተጫውተነዋል። ተከላካዩ ንጉሡን ከወታደሩ ፊት ያቆማል። ሩኩን ከራሱ ወገን ሦስተኛው ረድፍ ላይ አድርጎ የአጥቂውን ንጉሥ እንዳይገባ ይዘጋበታል። አጥቂው ወታደሩን እዚያው ረድፍ ላይ ሲያስገባ ሩኩ ወዲያው ወደ ሰሌዳው ማዶ ይሄድና ከኋላ ቼክ በቼክ ያደርገዋል። የአጥቂው ንጉሥ ከቼኩ የሚሸሸግበት ቦታ የለውም፣ ጨዋታው አቻ ነው። ቀጥሎ የሉሴናን «ድልድይ» ያዙ፤ እሱ ደግሞ ወታደር ያለው ወገን የሚያሸንፍበት ዘዴ ነው።

መሣሪያን በተመለከተ ሊቼስ የተባለው የቼዝ ድረ ገጽ ብቻውን ለአንድ ክበብ ይበቃል። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም። የክበቡን ጨዋታዎች «ስተዲ» በሚለው ክፍሉ እናስቀምጣለን፤ አንዱ ስተዲ እስከ 64 ምዕራፍ ይይዛል፣ እያንዳንዱም ሰው አስተያየቱን ይጽፍበታል። ንጉሦቹን ጨምሮ 7 ወይም ከዚያ ያነሰ ጠጠር በቀረበት ሰሌዳ ላይ ደግሞ ቴብልቤዙ (ቀድሞ የተሰላ የመልስ ማከማቻ) ማን እንደሚያሸንፍ ያለ ስህተት ይናገራል። ኢንድጌም ላይ ክርክር ሲበረታ ዳኛችን እሱ ነው።

ለአዲስ ልጆች የወታደር ጨዋታ አለን፤ ንጉሥና 8 ወታደር ብቻ ይዘው ቀድሞ ንግሥት ያወጣ ያሸንፋል። ለመዝናናት ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1996 ያስተዋወቀው ቼዝ960 አለ። የኋላ ረድፍ ጠጠሮች በዕጣ ስለሚደረደሩ በቃል የተያዘ ኦፕኒንግ አይሠራም።

ጠንካራ ተጫዋች ሲደርሳቸው ከወዲሁ የሚከፋቸው አባላት አሉን። የተጫዋቾችን ጥንካሬ በነጥብ (በሬቲንግ) በሚለካው በኢሎ ስሌት በ200 ነጥብ ከሚበልጣችሁ ሰው ጋር 4 ጊዜ ብትጫወቱ አንድ ነጥብ ገደማ ይጠበቅላችኋል። ሁለት አቻ ወይም አንድ ድል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ሬቲንጉ ከፍ ይላል።

ቀጣዩ ውድድራችን በስዊስ ሥርዓት 5 ዙር ነው። እኩል ነጥብ ያላቸው ስለሚገናኙ ማንም ተሸንፎ አይወጣም፣ ሁሉም እስከ መጨረሻው ይጫወታል። የነኩት ጠጠር ይንቀሳቀሳል። ማስተካከል የፈለገ በራሱ ተራ ቀድሞ «አስተካክላለሁ» ይበል። ካስሊንግ (ንጉሥንና ሩክን በአንድ እርምጃ ማንቀሳቀስ) የሚያደርግ ንጉሡን ቀድሞ ይንካ፤ ሰዓቱንም ጠጠሩን ባንቀሳቀሰበት እጅ ይምታ። የእርምጃ ወረቀታችሁን ስትጨርሱ አስረክቡ፤ የሚቀጥለው ወር «ቀጣዩን ገምቱ» ከራሳችሁ ጨዋታዎች ነው የሚመረጠው።